«ፓይተን እኮ የትም ይሠራል»፦ ስለ ስክሪፕትና ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ማታ ማታ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ሒሳብ ይይዛል፣ ሌላዋ ገላን ባለ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ ትመዘግባለች። ስክሪፕታቸውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚፈጽመውን አጭር ፕሮግራም፣ የሚጽፉት ዊንዶውስ በተጫነበት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪፕቱ በየሌሊቱ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ሊኑክስ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተጫነበት የኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጠረው ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ከተሳሳተ እምነት ነው።

«ፓይተን ስለሆነ በሁሉም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ዓይነት ይሠራል።»

የቋንቋው ሕግ አንድ ነው። ፋይል መክፈት፣ መሰረዝና ስም መቀየር ግን ፓይተን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደ ሲስተሙ ይለያያል። «ኦኤስ.ሪኔም» በተባለው ትእዛዝ የዛሬውን መዝገብ ቀድሞ በነበረ ፋይል ስም ልሰይመው ብትሉ፣ ዊንዶውስ ስህተት አሳይቶ ያቆማችኋል። ሊኑክስ የድሮውን ያለ አንዳች ድምፅ ያጠፋዋል። የትናንቱ ሒሳብ መጥፋቱ የሚታወቀው ሰው ሲፈልገው ብቻ ነው፤ ከስህተት መልእክት ይልቅ ይህ ዝምታ ያስፈራኛል። መተካቱን በእርግጥ የምትፈልጉት ከሆነ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ የመጣው «ኦኤስ.ሪፕሌስ» በሁለቱም ላይ ይተካል፤ ኮዱን የሚያነብ ሰውም ሐሳባችሁን ይረዳል።

«ዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ፊደል ይበላሻል፤ ስለዚህ መዝገቡን በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል።»

ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። ፊደላችን የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው፤ ዊንዶውስም በፋይል ስም ሳይቀር ይቀበለዋል። ጥፋቱ ያለው ፋይሉ በሚከፈትበት መስመር ላይ ነው። ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደላት ወደ ባይት የሚለወጡበትን ስልት፣ ካልነገራችሁት ፓይተን የኮምፒውተሩን ነባር ቅንብር ይወስዳል። በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቅንብር ዊንዶውስ-1252 ነው፤ እሱ ደግሞ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎችን ፊደላት እንጂ የእኛን አያውቅም። «ሲሚንቶ» ብላችሁ ለመጻፍ ስትሞክሩ ስክሪፕቱ ይቆማል። ዩኒኮድ በሚጻፍበት ኢንኮዲንግ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈውን ስታነቡ ደግሞ ወይ ስህተት ይመጣል፣ ወይ በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ገጹን ትሞላዋለች። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመደበኛው ፊደላችን የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በ1252 ሲነበብ ያቺው «ኤ» እየተደጋገመች ትወጣለች። ይህን ምልክት ካያችሁ መረጃው አልጠፋም፤ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው።

መፍትሔው ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ መጻፍ ነው፤ ሊኑክስ ላይም ቢሆን። ፓይተን ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8ን ነባር ምርጫው እንዲያደርግ ተወስኗል፤ በየመደብሩ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን የቆየ ፓይተን እንደጫኑ ብዙ ይቆያሉ። ፋይሉ በኤክሴል የሚከፈት ከሆነ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» የሚለውን ምረጡ፤ ኤክሴል ፊደሉን የሚለይበትን ምልክት በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥለታል።

«ጥሩ ስክሪፕት በመጀመሪያ የትኛው ሲስተም ላይ እንዳለ ይጠይቃል።»

ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ስሞቹም ያሳስታሉ። የሲስተሙን ስም የሚነግረው «ሲስ.ፕላትፎርም» በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እንኳ «ዊን32» ብሎ ይመልሳል። ሊኑክስን በፓይተን 2 ዘመን «ሊኑክስ2» ይለው ነበር፤ ከ3.3 ወዲህ ቁጥሩን ስለተወው የድሮውን ስም በእኩልነት ያወዳድሩ የነበሩ ስክሪፕቶች ተሳስተዋል። ማክ ላይ መልሱ «ዳርዊን» ነው። በስሙ ውስጥ «ዊን» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ የሚፈልግ ሰው ማክን ዊንዶውስ አድርጎ ይቆጥረዋል!

የሚያስፈልጋችሁን ነገር ራሱን ጠይቁ። የሚሠራውን ፕሮግራም ቅጂ የሚያስነሳው «ኦኤስ.ፎርክ» ዊንዶውስ ላይ የለም፤ የሲስተሙን ስም ከመመርመር ይልቅ ፈንክሽኑ መኖሩን መመርመር ይበልጣል። የሲስተሙን ስም ማወቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንድን ደረሰኝ በተለመደው ፕሮግራም ለመክፈት ዊንዶውስ ላይ «ኦኤስ.ስታርትፋይል»፣ ማክ ላይ «ኦፕን»፣ ሊኑክስ ላይ «ኤክስዲጂ-ኦፕን» ይጠራል። ያን ጊዜ ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ሰብስቡት፤ በየገጹ የተበተነ «ዊንዶውስ ከሆነ» የሚል መስመር ለሚረከባችሁ ሰው ከባድ ሸክም ነው።

የፋይል አድራሻ ለዊንዶውስ የግድ ወደ ኋላ ባዘመመ ጭረት መጻፍ አለበት የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ፓይተን ውስጥ ወደ ፊት ያዘመመውም ይሠራል። ወደ ኋላ ያዘመመው እንዲያውም ከትንሿ የላቲን «ኤን» ፊት ሲገባ አዲስ መስመር ተብሎ ይተረጎማል። የፋይል አድራሻን የሚያቀናብረው «ፓዝሊብ» ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ጭረቱን ለእሱ ተዉለት።

«የፊደሉ መጠን በፋይል ስም ላይ ለውጥ የለውም።»

ዊንዶውስና ማክ በተለመደው ቅንብራቸው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ አድርገው ይፈልጋሉ፤ ሊኑክስ ይለያቸዋል። በአማርኛ ስም ለሚሰይም ሰው ይህ ጣጣ የለም። ነገር ግን «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» በየትኛውም ሲስተም ላይ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑበት።

«የሲኤስቪ ፋይል በየመሀሉ ባዶ መስመር የሚኖረው ኤክሴል ስለተበላሸ ነው።»

ሲኤስቪ ሠንጠረዥን በኮማ እየከፋፈለ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል ነው። ዊንዶውስ መስመርን በሁለት ምልክቶች ይዘጋል፣ ሊኑክስ በአንድ። የሲኤስቪ ሞጁሉ ሁለቱን ራሱ ይጽፋል፤ ፋይሉን የከፈተው ትእዛዝ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። ፋይሉን ስትከፍቱ «ኒውላይን» የሚለውን ባዶ አድርጋችሁ ስጡት፤ ባዶው መስመር ይጠፋል።

በመጨረሻ፣ ሊኑክስ ላይ ለመሞከር ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ሊኑክስን በውስጣቸው ማስኬድ ይችላሉ፤ ስሙ «ደብሊውኤስኤል» ነው። እዚያ ውስጥ ያለ ፓይተን የሚሰጣችሁ መልስ «ሊኑክስ» ነው። ስክሪፕቱን ግን ከዊንዶውሱ የ«ሲ» ድራይቭ ላይ አታስኪዱት፤ እዚያ ያሉ ፋይሎች በፊደል መጠን ረገድ የዊንዶውስን ጠባይ ስለሚይዙ በሰርቨሩ ላይ የሚያጋጥማችሁን ስህተት አያሳዩም። ወደ ሊኑክሱ የራሱ ሆም ፎልደር ገልብጣችሁ እዚያ ሞክሩት።