ሥራና ክብር በጣና ዙሪያ

በጣና ዙሪያ ሥራ ሁሉ እኩል ተከብሮ አያውቅም። ገበሬው ቢገብርም ማረሱ አያሳፍረውም ነበር። የሚያሳፍረው ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸማ መሥራት፣ ቆዳ መፋቅና ሸክላ መሥራት ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ያሠራል፤ ዞር ሲል ያንኑ ሰው "ቡዳ" ይለዋል።

ማረስ ራሱ የተከለከለበት ቦታም አለ፤ ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የገዳማት ምድር ዘጌ። በገዳማቱ ትውፊት መሠረት በዚያ መሬት በሬ አይጠመድም፤ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ኖሯል። ደኑም ለዚህ ነው የተረፈው።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው በሐይቁ ዳር በሚኖሩት፣ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ በሚሉት ሰዎች ላይ ነው። የሐይቁን ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ እየተጠቀለለ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ታንኳው ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ መሥራት ግድ ይላል። እህሉም እንጨቱም በታንኳ ተሻግሯል። ሠሪዎቹ ግን "ጉማሬ በላተኞች" ተብለው ከሰው ማዕድ ተገለሉ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ"፣ ብረት ሠሪውን "ጠይብ" እያሉ ማዋረድ ይቅር አሉ። ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩን ይበልጥ የነቀነቀው ፋብሪካ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሸማኔው እቤቱ ሲሸምን የተናቀው ሥራ፣ ደመወዝና ፈረቃ ሲኖረው ሰው ደጅ የሚጠናበት ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የከተማዋ የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ፖሊቴክኒኩ፣ ተከፈተ። ብረት ሥራ፣ እንጨት ሥራና ጨርቃ ጨርቅ በዲፕሎማ የሚመረቁበት ትምህርት ሆኑ። የቀጥቃጩ ሙያ ክብር ያገኘው ስሙ ሲቀየር ነው ማለት ነው፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

በገበሬው በኩል ደግሞ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ ገባርና ጭሰኛ የሚባለው ነገር ቀረ።

ወይጦዎቹ ዛሬም ሐይቁ ዳር አሉ። ለጎብኚ የሚሸጥ ትንንሽ ታንኳ ይሠራሉ። ከተማዋና እርሻው እየሰፉ ሲመጡ ደንገሉ ከዳርቻው እየሳሳ ሄዷል፤ ለአንድ ታንኳ የሚበቃውን ለማግኘት ራቅ ብሎ መቅዘፍ ይጠይቃል።