ሰኔና ሰኞ ምን አደረጉ?

ሰሞኑን የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ወጣት ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት «ዛሬስ ሰኔና ሰኞ ገጥሞብኛል» አለ። ያውም በጥር!

ሰኔ 1 ሰኞ የዋለበት ዓመት ክፉ ነው ይባላል፤ ይሄን የማያውቅ የለም። እኔን የሚከነክነኝ ከወር ሁሉ ሰኔ ለምን ተመረጠ የሚለው ነው።

ሰኔ ለገበሬ ጭንቅ ወር ነው። ጎተራው ተሟጧል። በሬው በጋውን በጭድ ከርሞ ጎድኑ ይቆጠራል። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው ቢልም ዝናቡ ቀጠሮ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ጎጃም ስከርም አያቴ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። ጎረቤታቸውም እንደዚያው። ስለዚህ በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ በሬዎቹን አጣምረው አንድ ቀን ለአያቴ፣ አንድ ቀን ለጎረቤት። ሌሊት ዝናብ ከጣለ አያቴ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰካሉ። እርጥበቱ ዘልቆ ተራው የጎረቤት ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል፤ የዚያን ቀን ማንም አጠገባቸው አይደርስም። ሴቷ አያቴ ደግሞ የዘሩን ገብስ እጃችን ከማይደርስበት ሰቅለውታል። ቢርበንም አይነካም።

እንግዲህ የኔ ግምት እንዲህ ነው። ወር በገባ በ1 ልደታ ናት። ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ዋዜማው እሁድ ነው። ልደታን በየወሩ በሚያከብር አገር ሁለት ቀን ሙሉ ቀንበር አይነሳም ማለት ነው፣ ያውም መሬቱ በረጠበ ሰዓት። በመቀናጆ ለሚያርስ ደግሞ የሁለቱም ሰዎች ተራ ተቃጠለ። ይሄ እንዴት ክፉ ቀን አይባል? ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የለኝም። ግን የአያቴን ፊት ያየ ያምነኛል።

ዛሬ አባባሉ የሟርተኛ መጫወቻ ሆኗል። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ሰኞ መዋሉ አይቀርም፤ 1990፣ 2001፣ 2007፣ 2012፣ 2018 እንደዚያ ናቸው። «1990 የኤርትራ ጦርነት፣ 2012 ኮሮና፣ አላልናችሁም?» ይሉናል። ጦርነቱ የፈነዳው ግንቦት ላይ፣ ኮሮና አገራችን የገባው በመጋቢት! ሰኔ ገና መች ደረሰና? በ2007 ክረምቱ መክዳቱን አልክድም። እሱም ቢሆን የኤልኒኖ ጣጣ ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ሰኞን አይጠብቅም።