ኤቺንግ ምንድን ነው?

ኤቺንግ ከብረት ዝርግ ላይ በወረቀት የሚታተም ሥዕል ነው። ብረቱን የሚቦረቡረው ግን የሰዓሊው እጅ ሳይሆን አሲድ ነው።

ሥዕሉ የከተማ ሱቅ ነው እንበል። የተወለወለ መዳብ ከሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ በተሠራ ስስ ልባስ ይሸፈናል። ሰዓሊው በመርፌ ሲሥል የሚፍቀው ልባሱን ብቻ ነው፤ በየመስመሩ መዳቡ ይገለጣል። ዝርጉ አሲድ ውስጥ ሲገባ የተገለጠው ይበላል፣ የተሸፈነው ይተርፋል። ብዙ የቆየ መስመር ጠልቆ ይጠቁራል። ስለዚህ የመስኮቱ ቀጫጭን መስመሮች ጥቂት እንደተበሉ በቫርኒሽ ይደፈናሉ፤ የበሩ ውስጥ ግን ደጋግሞ ወደ አሲዱ ይመለሳል።

ለእኔ የሱቅ ሥዕል የሚለካው በዚያ በር ጨለማ ነው። መንገደኛ ከሱቅ የሚያየው ደጃፉን፣ የቆመ ሰውና የመደርደሪያ ጫፍ ነው፤ የቀረው ጥቁረት ነው። አሜሪካዊው ሰዓሊ ጄምስ ማክኒል ዊስለር ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በለንደን ቼልሲ ሰፈር የዓሣ፣ የፍራፍሬና የአሮጌ ጨርቅ ሱቆችን በትንንሽ ዝርጎች ላይ ሥሏል። ኅትመት ግራውን ቀኝ ያደርጋል፤ እሱ ግን ያየውን እንዳየው ስለሚሥል መንገዶቹ ወረቀቱ ላይ ተገልብጠው ይገኛሉ። ብዙም አላስጨነቀውም።

ለኅትመት ዝርጉ ሞቅ ተደርጎ ቀለም ይቀባል፤ ትርፉ በሻሽ፣ በመጨረሻም በመዳፍ ይጠረጋል። ከዚያ እርጥብ ወረቀትና የሱፍ ጨርቅ ተደርቦበት በከባድ ሮለሮች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ቦይ ቦዩ ውስጥ ተጭኖ ቀለሙን ያነሳል፤ የዝርጉ ጠርዝም አሻራውን ይተዋል።

ፈተናው መጥረጉ ላይ ነው። ንጹሕ ከተጠረገ ግድግዳው ይነጣል፤ ስስ ቀለም ከተተወ ጥላ ይወርድበታል። ዊስለር በ1879 እና በ1880 በቬኒስ በሠራቸው ዝርጎች ላይ ይህን ስልት በሰፊው ተጠቅሞበታል፤ አንዱን ቅጂ በጠራ ብርሃን፣ ሌላውን በድንግዝግዝ ያትም ነበር። ለሌላ አታሚ መተው ስለማይወድ በቬኒስ እንዲሠራቸው የታዘዙት 12 ዝርጎች ኅትመት ዓመታት ፈጀ። ስለዚህ የእሱን ኤቺንግ የሚገዛ ሰው የሥዕሉን ርእስ ማወቁ አይበቃውም፤ ያንኑ ቅጂ በዓይኑ ማየት አለበት።