በባዮሜዲካል ምርምር ላቦራቶሪ ለመቀጠር ምን ይጠየቃል?

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋና ሥራው ሥጋ ደዌን ማጥናት ነበር። ስሙም የተወሰደው በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ዛሬ ቲቢን የመሳሰሉ ሌሎች በሽታዎችም ይጠኑበታል። እዚህ፣ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥራት የሚመኝ ተመራቂ ብዙ ነው።

ለመጀመሪያው እርከን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ፣ በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በተቀራራቢ ሙያ። አንድ ልብ የሚባል ልዩነት ግን አለ። ላቦራቶሪው ለታካሚ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ደግሞ የሜዲካል ላቦራቶሪ ምሩቅ እንጂ የባዮሎጂ ምሩቅ አያገኘውም። ሥራው ጥናት ብቻ ሲሆን በሩ ሰፋ ይላል። ማስተርስ ያለው በማይክሮባዮሎጂ፣ በኢሚዩኖሎጂ ወይም በባዮኬሚስትሪ ይገባና የሙከራውን ሥራ ይመራል። ፒኤችዲ የሚፈለገው ጥናቱን ራሱ ለሚነድፍና ገንዘብ ለሚያፈላልግ ሰው ነው።

ከዲግሪው ሌላ የሥልጠና ወረቀትም ይጠየቃል። በሰው ላይ በሚደረግ ጥናት ለሚሠራ ባለሙያ ጂሲፒ (የእንዲህ ያለ ጥናት የሥነ ምግባርና የጥራት መመሪያ)፣ ከጀርም ጋር ለሚሠራ ደግሞ የባዮሴፍቲ፣ ማለትም ከጀርም ራስንና ሌላውን የመጠበቅ፣ ሥልጠና። የቲቢ ባክቴሪያ በሚያድግበት ክፍል ያለ ሥልጠና ማንም አይገባም፤ መግባትም የለበትም።

ወረቀቱ እስከ ቃለ መጠይቁ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚታየው እጅ ነው። ለፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ ለሚመረምረው ዘዴ፣ የሚለካውን 5 ማይክሮሊትር አስቡት፤ የአንድ ጠብታ ውሃ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፒፔቱን፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽ መሳቢያና መለኪያ መሣሪያውን፣ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ተጭኖ ጫፉን ማጥለቅ፣ ከዚያ አውራ ጣትን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጣቱ ቶሎ ከተለቀቀ አረፋ ይገባል፣ ልኬቱም ይዛባል። ይህ በንባብ አይመጣም፣ በድግግሞሽ ነው። ስለዚህ ተማሪ እያሉ ለመመረቂያ ጥናት ላቦራቶሪ ገብቶ መሥራት፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከጥሩ ውጤት እኩል ይመዘናል።

ሌላው መዝገብ ነው። ሙከራው በዕለቱ፣ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ስህተት ሲገኝ በነጭ ማጥፊያ አይሸፈንም። አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይጨመራል። የተሰረዘው ቁጥር መነበብ አለበት፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ምን እንደተቀየረ ማየት ይችል ዘንድ።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። የቲቢ ባክቴሪያ በጠጣር ማብቀያ ላይ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ናሙናው አላበቀለም ለማለት እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል።

ብዙዎቹ የምርምር ቅጥሮች በፕሮጀክት ገንዘብ ስለሚከፈሉ ኮንትራት ናቸው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ሊያልቅ ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ የፕሮጀክቱ ጊዜ መቼ እንደሚያበቃና ኮንትራቱ ይታደስ እንደሆነ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም።