«አውት ዘ ዶር» ዋጋ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ሊገዛ ዲለር ዘንድ የሄደ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቢያንስ አራት ዓይነት መልስ አለ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ አንድ ነው። ሻጩ «ለእናንተ ስል ቀነስኩ» የሚለው ሁለተኛው ነው። በወር የሚከፈለው ሦስተኛው። አራተኛው ደግሞ በስተመጨረሻ ከኪስ የሚወጣው ነው፤ «አውት ዘ ዶር» የሚባለውም እሱ ነው። መኪናዋን ይዛችሁ ከግቢው እስክትወጡ የምትከፍሉት ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው፦ የመኪናዋ ዋጋ፣ የዲለሩ ክፍያዎች፣ ታክሱ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) እና ታርጋው። እኛ «መጨረሻው ስንት ነው?» የምንለው ነው። ልዩነቱ፣ ዲለር ቤት መጨረሻውን ካልጠየቃችሁ በራሱ ተነስቶ የሚነግራችሁ ሰው ማግኘታችሁ ነው የሚያጠራጥረው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሚኒቫን ሊገዙ የወጡ ባልና ሚስት ወዳጆቼ ናቸው። ሦስተኛ ልጅ ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ሁለት የልጅ ወንበር የታሰረበት ሴዳን ውስጥ ሦስተኛ ወንበር አልገባ ብሏቸዋል። እንደነሱ ያለውን ገዢ ሻጭ ከሩቅ ያውቀዋል። ቀን የቆረጠ፣ የደከመው፣ ልጆቹ ሾውሩም ውስጥ የሚሯሯጡበት፣ «ይሁን፣ እንጨርሰው» ለማለት አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው ነው። ምርጫውም ሰፊ አይደለም። ክራይስለር በ1984 ሞዴል የዶጅ ካራቫንና የፕሊመዝ ቮያጀር ሚኒቫኖቹን ካወጣ በኋላ ገበያው በሚኒቫን ተጥለቅልቆ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤተሰብ የሚያነሳው ስም ከሞላ ጎደል አራት ነው፦ ቶዮታ ሲየና፣ ሆንዳ ኦዲሲ፣ ክራይስለር ፓሲፊካና ኪያ ካርኒቫል።

በመስኮቱ ወረቀት እንጀምር። ይህ ወረቀት «ሞንሮኒ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከኦክላሆማው ሴናተር ከማይክ ሞንሮኒ ነው፤ በ1958 የወጣውን ሕግ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ዲለሩ ደስ ያለውን ዋጋ እየጠራ፣ «ቅናሽ» እያለ መልሶ ይቀንስ ነበር። ሕጉ ፋብሪካው የሚመክረው ዋጋ፣ የተጨመሩት ዕቃዎችና የማጓጓዣው ሒሳብ መስኮቱ ላይ እንዲለጠፍ አስገደደ። ማጓጓዣው ላይ አትከራከሩ። መኪናዋ ከፋብሪካው ደጅ ብትሸጥም አገር አቋርጣ ብትመጣም ሒሳቡ ያው ነው፤ ዲለሩም ለፋብሪካው ይከፍለዋል።

ልብ የሚባለው ከሞንሮኒው ጎን የሚለጠፈው ሌላ ወረቀት ነው። መጠኑ ተቀራራቢ ነው፣ የፊደሉ አጣጣልም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የፋብሪካው አይደለም፣ ዲለሩ ራሱ ያተመው ነው። የወዳጆቼ መኪና ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ የቀለምና የወንበር መከላከያ 1,495 ዶላር፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን 199 ዶላር፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ የሻንሲ ቁጥር 299 ዶላር። (ናይትሮጅኑን በተመለከተ፣ በነፃ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ሳላነብ ፈርሜ ለቀረው 22 በመቶ ከፍያለሁና በማንም ላይ ለመሳቅ መብት የለኝም።) ተፈላጊ መኪና ሲሆን ደግሞ «ማርኬት አድጀስትመንት» የሚል መስመር ይጨመራል። በምላሹ የሚሰጥ ዕቃ የለም፤ «ፈላጊ በዝቷልና ጨምሩ» ማለት ነው። ሲየና ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ስለሚመረት ፈላጊው ብዙ ነው፤ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚታየውም እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ነገሩ በቁጥር ካልታየ ወሬ ብቻ ነው። የመስኮቱ ዋጋ 46,300 ዶላር ነው እንበል። አንደኛው ዲለር 1,800 ቀንሶ በ44,500 እሰጣለሁ ይላል። ሁለተኛው ግን 45,200 ብሎ አልነቃነቅ ብሏል። ማንም ሰው ወደ አንደኛው ይሮጣል። እስቲ ወረቀቱ ሙሉ ይውጣ። አንደኛው ዘንድ እነዚያ ሦስት ጭማሪዎች አሉ፣ የሰነድ ክፍያ («ዶክ ፊ» የሚሉት) 799 ዶላርም አለ። ሲደመር 47,292 ሆነ፤ ገና ታክስ ሳይነካ ከመስኮቱ ዋጋ በላይ ወጥተናል! ታክሱን 6 በመቶ፣ ታይትልና ታርጋውን 210 ዶላር ብናደርግ መጨረሻው 50,339 ዶላር ከ52 ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ጭማሪ የለውም፣ የሰነድ ክፍያው 300 ነው። 45,500፣ በላዩ ታክስ 2,730፣ ታርጋ 210፤ መጨረሻው 48,440። በአፍ 700 ዶላር የተወደደው መኪና ወደ 1,900 ዶላር ገደማ ረከሰ ማለት ነው።

የ«አውት ዘ ዶር» ጥቅሙ ይኸው ነው። ዋጋ የሚደበቅበትን ኪስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስገለብጣል። ሻጩ የመኪናዋን ዋጋ ቀንሶ በጭማሪ ቢመልሰው፣ ጭማሪውን አውጥቶ በሰነድ ክፍያ ቢመልሰው፣ ድምሩ ላይ መታየቱ አይቀርም። እናንተም እያንዳንዷን መስመር ለይታችሁ መጣላት አያስፈልጋችሁም። «ጭማሪው አስቀድሞ ተገጥሟል፣ ማውጣት አንችልም» ካሉ፣ «አታውጡት፤ ድምሩ ግን ይሄ ይሁን» ትላላችሁ። የሰነድ ክፍያውም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ግዛቶች ጣሪያ አበጅተውለታል፤ ፍሎሪዳን በመሰሉት ግን ጣሪያ የለውም። ዲለሩ «ይህን ለሁሉም ነው የምናስከፍለው፣ ለአንድ ሰው ማንሳት አንችልም» ቢል ምናልባት እውነቱን ነው። የመኪናዋን ዋጋ በዚያው ልክ ከመቀነስ ግን የሚያግደው ነገር የለም።

ታክሱ ላይ ዲለሩ ሥልጣን የለውም፣ ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስገባ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎረቤት ግዛት ሄዶ ቢገዛ ከታክስ የሚያመልጥ እየመሰለው ነው። በአብዛኛው የሚታሰበው መኪናዋ በምትመዘገብበት አድራሻ ነው። አሮጌ መኪና ለምትሰጡ («ትሬድ ኢን») ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ብዙ ግዛቶች የአሮጌዋን ግምት ቀንሰው በልዩነቱ ላይ ብቻ ታክስ ያስባሉ፤ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ግን በሙሉው ዋጋ ላይ ነው የሚያስቡት። የምትኖሩበት ግዛት የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አሮጌዋን ለግለሰብ ልሽጥ ወይስ ለዲለሩ ልስጥ ብሎ ማስላት አይቻልም። ደግሞ ትሬድ ኢኑን የአዲሷ ዋጋ በጽሑፍ ሳይያዝ አታንሱት። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት በጣም ይቀላቸዋል።

«ኢንቮይስ» የሚባለውን ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ምስጢር ያየዋል። ፋብሪካው ለዲለሩ የሚልከው ደረሰኝ ነው። «በኢንቮይስ ሸጥንላችሁ» ቢሏችሁ ግን ከሰሩ ማለት አይደለም። ፋብሪካው ቆይቶ የሚመልስላቸው «ሆልድባክ» የሚባል ገንዘብ አለ፣ የሽያጭ ኮታቸውን ሲሞሉ የሚሰጥ ጉርሻም አለ። እኔ ከኢንቮይስ ይልቅ የሌላ ዲለር ወረቀት ይሻለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «በወር ስንት መክፈል ትፈልጋላችሁ?» እነዚያ ወዳጆቼ ወንበር ላይ ሳይደላደሉ ነው የተጠየቁት። ባልየው «ሰባት መቶ ካላለፈ» ሊል አፉን ሲከፍት ሚስትየዋ ጉልበቱን ያዘችው። ለምን? 45,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ብትበደሩ በ60 ወር 891 ዶላር ገደማ ይመጣል። በ84 ወር ግን ወደ 679 ይወርዳል። ከሰባት መቶ በታች ነው፣ ሻጩም የጠየቃችሁትን ፈጽሟል። የጨመራችሁት ግን 3,600 ዶላር ገደማ ወለድና ሁለት ዓመት ዕዳ ነው። ወርሃዊውን ቁጥር አንዴ ከተናገራችሁ በኋላ የመኪናዋ ዋጋ ስንትም ቢሆን ወሩን እያስረዘሙ እዚያ ቁጥር ላይ ማድረስ ይቻላል። ሚስትየዋ የመለሰችው አጭር ነበር፦ «ስለ ወሩ በኋላ እናወራለን፤ አውት ዘ ዶሩን በወረቀት ይስጡን።» ሻጩ ወደ ማናጀሩ ሄዶ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ ወረቀቱ ላይ አሁንም ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነበር። ተነስተው ወጡ።

ይሄ ሁሉ በአካል መደረግ እንኳ የለበትም። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ምክንያት እነዚህ ፋብሪካዎች አዲስ መኪና በቀጥታ አይሸጡም፣ በዲለር በኩል ነው። እያንዳንዱ ዲለር ደግሞ የራሱ ባለቤት ያለው ንግድ ነው። ስለዚህ ሁለት የቶዮታ ዲለሮች አንድ ቤት አይደሉም፤ ተፎካካሪዎች ናቸው፣ የሚሸጡት ዕቃ ግን አንድ ነው። ወዳጆቼ ማታ ልጆቹን አስተኝተው በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ ላሉ አምስት ዲለሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ላኩ። ሞዴሉንና ደረጃውን፣ የሚቀበሏቸውን ሁለት ቀለሞች፣ መኪናዋ የምትመዘገብበትን ዚፕ ኮድ ጻፉ፤ ቀጥሎም «ታክስ፣ ታርጋ፣ የሰነድ ክፍያና የተገጠሙ ጭማሪዎች ሁሉ በዝርዝር የተጻፉበት አውት ዘ ዶር ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ላኩልን፤ በዝቅተኛው በዚህ ሳምንት እንገዛለን» አሉ። ሁለቱ «ኑና እናውራ» ብለው መለሱ፤ እነሱ ተሰረዙ። አንዱ ዝም አለ። ሁለቱ ዝርዝር ላኩ። ዝቅተኛውን ለሌላኛው አሳዩት፣ እሱም 400 ዶላር ወረደ። የሻንሲ ቁጥሩን መጠየቅ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ እሱ ከሌለ ዋጋው የተሰጠው ግቢ ውስጥ ለሌለች መኪና ሊሆን ይችላል።

ምን ያህል ማውረድ ይቻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ግቢው በፓሲፊካ የተሞላና ወሩ የሚያልቅበት ዲለር ኮታውን ለመሙላት ሲል ሊወርድ ይችላል። ሲየና ገና ሳትራገፍ ሦስት ሰው የተመዘገበባት ከሆነ ግን በመስኮቱ ዋጋ ያለ ጭማሪ ማግኘትም ድል ነው። ቀለምና ደረጃ ላይ «ይሄ ብቻ» የማይል ሰው ሁልጊዜ ይሻለዋል።

ሕጉ ይጠብቀናል ለምትሉ፦ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲለሮች የመኪናዋን ሙሉ ዋጋ አስቀድመው እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ በዲሴምበር 2023 አጽድቆ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል የዲለሮች ማኅበራት ከሰሱ፣ በጃንዋሪ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። «በሦስት ቀን ውስጥ ሐሳብ ቀይሮ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም የኮሚሽኑ ደንብ ዲለር ቤት ሄዶ ለተገዛ መኪና አይሠራም። ከፈረማችሁ ገዝታችኋል።

ስለዚህ በኢሜይል የመጣውን ዝርዝር አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። ውሉ የሚፈረመው ሻጩ ዘንድ ሳይሆን ሌላ ክፍል ነው፤ «ፋይናንስ ኦፊስ» ይሉታል። እዚያ የተቀመጠው ሰው የዋስትና ማራዘሚያ፣ «ጋፕ» የሚባል ኢንሹራንስ (መኪናዋ ብትወድም በዕዳውና በግምቷ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን) እና ሌላም ይሸጣል። ባንኩ ከፈቀደው ወለድ ላይ የራሱን ጨምሮ ሊያቀርብም ይችላል፤ ከክሬዲት ዩኒየን አስቀድሞ የጸደቀ ብድር ይዞ መግባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የዋስትና ማራዘሚያውን ያን ቀን የግድ መግዛት የለባችሁም፣ የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ በኋላም ይገኛል።

ወዳጆቼ ሐሙስ ማታ ነው የፈረሙት። ሚስትየዋ ውሉን ከታተመው ኢሜይል ጋር ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ድምሩ 317 ዶላር ያህል በልጦ ነበር። የሻንሲ ቁጥር ቅርጹ 299 ዶላር ከነታክሱ ተመልሶ ገብቷል። «ይቅርታ፣ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያስገባው» አለ ሰውየው፤ ሰርዞ እንደገና አተመ። እሷም አዲሱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ቀጠለች።