የቼዝ እንቆቅልሽ በሰሜን ሸዋ፦ የምታሸንፈዋን እንቅስቃሴ ፍለጋ

«እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» መልሱ ከጠፋ አገር መስጠት አለ። መንዝ ያደገ ልጅ መጀመሪያ ሞላሌን ይሰጣል። ሲቸግረው ደብረ ብርሃንን ይለቃል። አንኮበርን ግን እስከ መጨረሻው ይዞ ይከራከራል።

የቼዝ እንቆቅልሽም የዚሁ ዘመድ ነው። መሃል ላይ የቆመ ጨዋታ ይቀርብልሃል፣ ተራው ያንተ ነው። ልታደርጋቸው የምትችላቸው እንቅስቃሴዎች ሠላሳም አርባም ሊሆኑ ይችላሉ። የምታሸንፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ብቻ ናት። ካላገኘሃት ስልኩ አገር አይጠይቅህም፤ ነጥብህን ይቀንሳል።

አዎ፣ ስልኩ። ዛሬ ልምምዱ በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ሊቼስ የሚባለው ነፃ መድረክ ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ እንቆቅልሾች አሉት፤ ሰዎች በእውነት ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች የተለቀሙ ናቸው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማታ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። የመንዝ ባና ደርቦ አንድ ሁለት እንቆቅልሽ መፍታት ለእንዲህ ያለ ምሽት የተሠራ ይመስላል።

ሸዋ ለሰሌዳ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ድንኳናቸውን ሸዋ ውስጥ እያዘዋወሩ በሚገዙበት ዘመን፣ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የድሮው ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ቤቶቹ ነጭና ጥቁር ተብለው አይለዩም። ጨዋታው የሚጀመረው በ«ወረራ» ነው፤ የመጀመሪያው ጓዝ (ከሰሌዳው ተዋጊዎች አንዱ) እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጓዞቻቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በንግሥት ፋንታ ፈርዝ አለ፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በሰያፍ እንዳሻው በሚሄደው ቢሾፕ ፋንታ ፊል አለ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በፈረስ ወይም ቀጥ ብሎ በሚሄደው ሩክ ቼክሜት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን ማምለጫ አሳጥቶ መጨረስ፣ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። ክብር የሚያስገኘው በደካማ ጓዝ መጨረስ ነው። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፣ አሸናፊዋ እንቅስቃሴ ማማር አለባት።

እንቆቅልሹ ራሱም ከእነዚህ ጓዞች ጋር የተወለደ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል-አድሊ «መንሱባ» የሚባሉ የቼዝ ጥያቄዎችን ሰብስቧል። ፈርዝና ፊል እዚያም አሉ። ከእሱ በኋላ የመጣው አል-ሱሊ የተወው አንድ ጥያቄማ 1,000 ዓመት ያህል ሳይፈታ ቆይቶ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን የሶቪየቱ ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ነው) ዩሪ አቨርባክ ፈታው።

ነገሩ በምሳሌ ይግባን። ሰሌዳ ካለህ ደርድረው፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግርሃል። ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ንግሥት ሲ4፣ ፈረስ ጂ5፣ ወታደሮች ኤፍ2፣ ጂ2 እና ኤች2። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤች8፣ ንግሥት ቢ2፣ ሩክ ኤ8፣ ወታደሮች ጂ7 እና ኤች7። ተራው የነጭ ነው።

ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ንግሥቷ ነው። ጂ8 ላይ ትሠዋ፣ ሩኩ ይብላት፣ ፈረሱ ኤፍ7 ገብቶ ቼክሜት። ያምራል! ግን ሩኩ ለምን ይበላታል? ንጉሡ ራሱ ይበላትና ጉዱ ያልቃል። እኔም በዚህች ቤት ንግሥቴን ከአንዴም ሁለቴ አስበልቻለሁ። ችግሩ ሐሳቡ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ፈረሱ ኤፍ7 ገብቶ ቼክ ይላል፣ ንጉሡን ያስፈራራል። ንጉሡ ከጂ8 በቀር መሄጃ የለውም። ቀጥሎ ፈረሱ ወደ ኤች6 ይሄዳል። አሁን ንግሥቷም ፈረሱም በአንድ ጊዜ ቼክ ብለዋል፤ ስለዚህ የጂ7 ወታደር ፈረሱን መብላት አይችልም፣ ንጉሡ መነሳት አለበት። ኤፍ8 ቢሄድ ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ ትጨርሰዋለች። ኤች8 ቢመለስ ነው የንግሥቷ ሰዓት የሚደርሰው፤ ጂ8 ትገባለች። አሁን ፈረሱ ኤች6 ሆኖ ስለሚጠብቃት ንጉሡ አይነካትም። ሩኩ ግድ ይበላታል። ፈረሱ ኤፍ7 ይመለሳል፣ አለቀ። ንጉሡ በገዛ ሰዎቹ ታፍኖ ሞተ። ይህ አጨራረስ ስፔናዊው ሉሴና በ1497 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር አለ።

አሠልጣኞች የሚሉት ቅደም ተከተል ከዚሁ የመጣ ነው፦ መጀመሪያ ቼኮቹን ሁሉ እይ፣ ከዚያ የሚበሉትን፣ ከዚያ ማስፈራሪያዎቹን። ቼክ ሲባል ተጋጣሚ ምርጫው ይጠብበታል፣ ሒሳቡም ይቀልልሃል። በእኔ ግምት ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እንቅስቃሴዋን ባለማየት አይደለም። አይቷት፣ ወዷት፣ «እሱስ ምን ይመልሳል?» ሳይል ስለሚጫወት ነው።

የተቀረው የሚደጋገም ቅርጽ ነው። አንድ ጓዝ ሁለት ሲያስፈራራ ፎርክ፣ ከኋላው ያለውን እንዳያጋልጥ የታሰረ ጓዝ ሲኖር ፒን፣ ትልቁ ሸሽቶ ከኋላው ያለው ሲበላ ስኪወር ይባላል። ስሞቹ እንደመጡ ነው የሚጠሩት።

ቅርጽ መደጋገሙ ቀላል ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ዊልያም ቼይዝ (የጨዋታው ስም አይደለም፣ የሰውየው ነው) እና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ለተጫዋቾች ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ አሳይተው ከትዝታቸው እንዲደረድሩት ጠየቁ። ከእውነተኛ ጨዋታ ሲሆን ማስተሩ ጀማሪውን በብዙ በለጠው። ጓዞቹ እንዲሁ ሲበተኑ ግን ብልጫው ጠፋ ማለት ይቻላል። ማስተር የተለየ ትዝታ የለውም፣ ብዙ ቅርጽ አይቷል።

አንድ እንከን አለ። እንቆቅልሽ «እዚህ ማሸነፊያ አለ» ብሎ አስቀድሞ ሹክ ይልሃል። እውነተኛ ጨዋታ ላይ ማንም አይነግርህም። ለዚህ ነው ስልክ ላይ አንበሳ የሆነ ሰው ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ አንዳንዴ የሚያሳዝነው።

ሰሌዳውን ገና አላነሳኸው ከሆነ ጓዞቹን ለምሳሌያችን ወደ ደረደርናቸው ቦታ መልስ። አሁን ተራው የጥቁር ነው እንበል። ሦስት ቼኮች ይበቃሉ፤ የነጭ ንግሥት ትጠፋለች፣ በመጨረሻም ፈረሱ ይወድቃል። ምን አውቅልህ ካልክ ግን አገር ስጠኝ። ሞላሌን አልቀበልም፣ አንኮበርን ነው።