ፓይሞል ላይ «ሰሌክሽን» ምንድን ነው? ባዶ ሲሆንስ?

ትዕዛዙን ጽፋችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ። የስህተት መልእክት የለም፣ ፕሮግራሙም አልተዘጋም፣ ሥዕሉ ግን እንደነበረ ነው። ፓይሞል ላይ ስክሪፕት (ተከታታይ ትዕዛዞች ያሉበት ፋይል) መጻፍ የጀመረ ሰው እዚህ ጋ ሳይደናቀፍ አያልፍም። እኔ አንድ ማታ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እስከ መጫን ደርሻለሁ። ምንም አልፈየደልኝም፤ ጥፋቱ የሰሌክሽኔ ነበር።

ፓይሞል ፕሮቲንና መሰል ሞለኪውሎችን በ3ዲ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ዋረን ዴላኖ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ሰሌክሽን የሚባለው ደግሞ ትዕዛዙ የትኞቹን አተሞች እንደሚመለከት የሚለየው ሐረግ ነው። «ከለር ሬድ፣ ቼይን ኤ» ብንል፣ «ከለር ሬድ» (ቀይ ቀባ) ሥራው፣ «ቼይን ኤ» (ኤ የተባለው የፕሮቲኑ ሰንሰለት) ሰሌክሽኑ ነው። (በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይገባል።) ፓይሞል ፋይሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አተም «አንተ ቼይን ኤ ውስጥ ነህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ቁጠሩት። አዎ ያለው ይቀላል። አዎ የሚል ከጠፋ ዜሮ አተም ይቀላል፣ ሥራውም በሰላም ተጠናቀቀ ማለት ነው። ስህተት የማይታየው ለዚህ ነው፤ ከፕሮግራሙ አንጻር ስህተት አልተሠራም።

የሰውን ሄሞግሎቢን እንውሰድ፤ ፋይሉ 4ኤችኤችቢ ይባላል። አራት ሰንሰለት አለው፦ ኤ እና ሲ አልፋ፣ ቢ እና ዲ ቤታ። ኤንና ቢን ቀይ ማድረግ የፈለገ ጀማሪ «ቼይን ኤ ኤንድ ቼይን ቢ» ይላል። ውጤቱ ዜሮ ነው። ልጅን «ሽንኩርትና ቲማቲም ግዛ» ብለን ብንልከው ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። «ሽንኩርትም ቲማቲምም የሆነ ነገር ግዛ» ብንለው ግን አትክልት ተራን ዞሮ ባዶ እጁን ይመለሳል። የፓይሞል «ኤንድ» ሁለተኛው ነው፤ ጥያቄው ለአንድ አተም የሚቀርብ ስለሆነ በሁለት ሰንሰለት ውስጥ በአንዴ የሚገኝ አተም የለም። እኛ የምንፈልገው «ኦር» ነው፣ ወይም አጠር አድርጎ «ቼይን ኤ+ቢ»።

ሌሎቹ ወጥመዶች ቀለል ይላሉ። የሰንሰለት ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ከቀለሙ በኋላ ኮማው ከተረሳ ፓይሞል ሁሉንም እንደ ቀለም ስም አንብቦ እንዲህ ያለ ቀለም አላውቅም ይላል፤ ይሄ እንኳ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይናገራል። ከ2.3 በፊት በነበሩት እትሞች ደግሞ «ፌች» ፋይሉን ከኋላ ሆኖ ያወርድ ስለነበር፣ ቀጣዩ መስመር ሞለኪውሉ ሳይደርስ ይሮጣል። በእጅ ሲጻፍ የሚሠራ ትዕዛዝ በስክሪፕት እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

እንግዲህ ቀለሙን ከመነካካት በፊት መቁጠር ነው። «ካውንት_አተምስ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። «ካውንት_አተምስ ኔም ሲኤ ኤንድ ቼይን ኤ» ብትሉ 141 ይመልሳል፤ በአልፋ ሰንሰለት ያሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች) ቁጥር ነው፤ «ሲኤ» በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ ብቻ የሚገኝ አተም ስም ነውና። በ«ቼይን ኤ» ፈንታ «ቼይን ኤ+ቢ» ብትሉ 287። ዜሮ ከመጣ ሐረጉን ከቀኝ በኩል አንድ አንድ ሁኔታ ከነ«ኤንድ»ው እየቀነሳችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከዜሮ የተነሣበት ቦታ ላይ ጥፋተኛው አሁን የቆረጣችሁት ነው።

ቁጥር የማይዘው ስህተትም አለ፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም ሕመም የሚያመጣው ለውጥ ቤታ ሰንሰለት 6ኛው ቦታ ላይ ነው። «ረዚ 6» (6ኛው አሚኖ አሲድ) ብቻ ካላችሁ ከአራቱም ሰንሰለት 6ኛው ይቀላል፤ አልፋዎቹ ምንም በሌሉበት ነገር ይገባሉ። እሺ፣ «ቼይን ቢ» ጨመርን እንበል። የዘረመል ሪፖርት ላይ ግን ያው ቦታ 7 ተብሎ ይጻፋል፤ መነሻው አሚኖ አሲድ፣ ሜቲዮኒን፣ ስለሚቆጠር ነው። 4ኤችኤችቢ አይቆጥረውም። ከሪፖርቱ 7ን ገልብጦ ያስገባ ሰው ጎረቤቱን ያቀላል። ስሙን ቢያጣራም አይነቃም፣ ቤታ ላይ 6ኛውም 7ኛውም ግሉታሚክ አሲድ ናቸውና። መፍትሔው የቅደም ተከተሉን መስመር ከላይ ማብራትና ከመጀመሪያው ቫሊን ጀምሮ በጣት መቁጠር ነው።